የሽሮን ትንፋሽ ሰምቻለሁ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩም፣ ለእህቴ አልተናገርኩም፣ ከሁሉ በፊት ሊነገራት ለሚገባት ለልጄማ ጭራሽ። ስድስት ዓመት በሆዴ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ የምጽፈው ቀሎኝ አይደለም፤ በራሴ ተናድጄ ነው። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ፦ የሞተው እባብ ነው ስላችሁ አትሳቁ። ኃጢአቴን ሲያቀልልኝ የኖረው ሳቅ ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲቀልልኝ አልፈልግም።

አዎ፣ እባብ ነው። የልጄ እባብ። ታሞ ነበር፤ መታመሙን አውቄ ዝም አልኩ፤ ሞተ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይሄ ከጥፋቴ ትንሹ ነው፤ ትልቁን የሠራሁት ከሞተ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ማን መሆኔን እወቁልኝ፤ አላወቅኩም ብዬ ማምለጥ እንደማልችል እንዲገባችሁ። እዚህ በስደት በምኖርበት አገር፣ እንግልውድ በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የምሠራው፣ የነርስ ረዳት ነኝ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አገላብጣለሁ። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። ነርሶቹ በጆሮዬ ይቀልዳሉ፤ እሷ ማዳመጫ አያስፈልጋትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሰው ደረት ሲበላሽ ከበር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ደረቅ ትንፋሽ አለ፣ እርጥብ ትንፋሽ አለ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ከሥር የሚንተከተክ አለ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ቁርሷን ትታ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነርሷን ጠርቼ ደረቷ አላማረኝም አልኳት። ትኩሳት የላትም አለችኝ። አልለቀቅኳትም፤ እስክትመረምራት ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ። የሳንባ ምች ነበር። የአሮጊቷ ልጅ መጥታ ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ግን ባዳ ሆኖብኝ አያውቅም፤ የሰማውን ሁሉ በታማኝነት ነግሮኛል። ከሃዲዋ እኔ ነኝ።

ልጄ ሳሮን ትባላለች። እዚሁ በምንኖርበት ከተማ፣ አውሮራ ተወለደች፣ ብቻዬን አሳደግኳት። የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ማለት የጀመረችው በስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሲሞላትም ሐሳቧ ያው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች አብራት የምትማር ልጅ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ እባቧን ከነመስታወት ሳጥኑ ለሳሮን ትታላት ሄደች። ሳሮን ይዛው ስትገባ እኔ ሶፋው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ልጥ አልነበረም። ቡናማና ቢጫ ዥጉርጉር ነው፣ መርዝ የለውም፣ ሲፈራ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። "ማሚ፣ ከለሩ ሽሮ አይመስልም?" አለች፤ ስሙ ሽሮ ሆኖ ቀረ። አይጥ የሚበላ ሽሮ። አይጡ ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ፍሪዘሬ ውስጥ፣ ከጾም ምግቤ አጠገብ ይቀመጣል። ስንቴ እንደተጣላንበት አትጠይቁኝ።

ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ተነስቻለሁና ይህንንም ልናገር፦ ለመድኩት። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሽሮ ራሱን ከመደበቂያው አውጥቶ ምላሱን ያወጣል። እኔም "ደህና ዋልክ ወይ፣ አንተ የሰይጣን ፈረስ" እለው ነበር። ጠልቼው ነው ብል ውሸት ነው። ጠልቼው ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ ቢያንስ ምክንያት ይኖረው ነበር።

በጥር ሳሮን ከተራራው ማዶ፣ ከግራንድ ጃንክሽን ወዲያ አንድ የከብት ሐኪም ዘንድ ሦስት ወር ልትለማመድ ሄደች። ሽሮን ይዞ መሄድ አልተፈቀደላትም፤ አደራው በእኔ ላይ ወደቀ። ከመሄዷ በፊት አንድ ወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አለችኝ፣ እንደ አስተማሪ እጇን አጣምራ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አነበብኩላት። ምግብ እምቢ ካለና ጀርባው ላይ አጥንቱ ከታየ። ቆዳውን ሲቀይር እንደ ካልሲ ባንድ ጊዜ ካልወለቀለት፣ በተለይ ዓይኑ ላይ ከቀረ። ራሱን ወደ ላይ አንጋጦ ከቆየ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ካየሽ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ከሰማሽ። ይህን የመጨረሻውን በቀይ አስምራበታለች። ከሥሩ፣ ብርድ ያሳምመዋልና ማሞቂያውን እንዳትነቅዪ ይላል። ከዚያም እባብ የሚያክም ክሊኒክ ስልክ፤ ሃቫና ስትሪት ላይ ነው፣ ከቤታችን በመኪና አሥር ደቂቃ።

አንብቤ ስጨርስ አቀፈችኝ። "ማሚ፣ ያንቺ ጆብ እኮ ነው። ካንቺ በላይ ማን ኖቲስ ያደርጋል? አይ ትረስት ዩ" አለችኝ። ካንቺ በላይ ልብ የሚል የለም፣ አምንሻለሁ ማለቷ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የነፍስ አባቴ መጥተው ቤቴን በጠበል ሊባርኩልኝ ቀጠሩኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እሳቸው ስለ እባብ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ሽሮ የሚባል ፍጡር መኖሩንም አያውቁም። እኔው ነኝ ፈርቼ፣ እኔው ነኝ አፍሬ፣ ካህን የሚቀመጥበት ሳሎን ውስጥ እባብ ምን ይባላል ብዬ ሳጥኑን ዕቃ ወደምናጭቅበት ጓዳ ያስገባሁት። ጓዳዋ ሶኬት የላትም፤ መስኮቷም ነፋስ ታስገባለች። ማሞቂያውን ነቀልኩ። ላንድ ቀን ነው አልኩ።

በማግስቱ በረዶ ጣለ። አባ መንገዱ አልተመቸኝም ብለው ደውለው ለሳምንት አዛወሩት። እኔስ ሽሮን መልሼ አወጣሁት? አላወጣሁትም። ሰንፌ ነው እንዳልል ሳጥኑ ያን ያህል አይከብድም። ሳሎኑ አምሮብኝ ነው። የሰንበቴ ማኅበር ጓደኞቼ ሳይሳቀቁ ገብተው ተቀመጡ፣ አንዷም "ምነው ቤትሽ ሰፋ" አለችኝ። ለዚህ ነው። አንድ ፍጡር በብርድ የተኮራመተው ቤትሽ ሰፋ እንድባል ነው።

አባ በሳምንቱ መጥተው ቤቱን ባረኩ። ጓዳዋ ደጃፍ ሲደርሱ ዕቃ ነው ያለው ብዬ አሳለፍኳቸው። እሳቸውም በሩን በጠበል ረጭተው አለፉ። የተረፈውን ጠበል በጠርሙስ ትተውልኝ ሄዱ።

ከዚያ ምልክቶቹ መምጣት ጀመሩ። በሳሮን ወረቀት ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል የመጡ ይመስሉኝ ነበር። መጀመሪያ አይጡን እምቢ አለ። ቀጥሎ ቆዳውን ሲቀይር ተቆራርጦ ቀረ፤ ግራ ዓይኑ ላይ የቀረው እንደ ሞራ ሸፈነው። ጀርባው ሾለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሩን ከፍቼ ስገባ ሰማሁት። ቀጭን ነው፣ እርጥብ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጠቅ የሚል ነገር አለው። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በሕይወቴ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እግር ያለው ሰው ደረት ውስጥ ሆነ እግር በሌለው እባብ ውስጥ ድምፁ ያው ነው።

ምን አደረግኩ? ጠርሙሱን አመጣሁ። ክዳኑን ገልጬ ጠበል ረጨሁበት። ሽሮ አፉን ከፍቶ ጮኸ፣ ጩኸት ከተባለ። እኔም አማተብኩ። በጠበል ቦታ ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው ውሃው ሲነካው ሲጮህ አይቻለሁና፣ ይኸው ጠበሉ አቃጠለው፣ ይኸው ሊለቅ ነው አልኩ። እኔ። የማንን ደረት ምን እንደያዘው ከበር ላይ ሆኜ የማውቀው እኔ። መንፈስ አለመሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እጄ እየረጨ ጆሮዬ የሳንባ ምች ነው ይለኝ ነበር። ለሚበርደው ፍጡር ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩለት፤ የተባረከውን ውሃ የጥፋቴ መሸፈኛ አደረግኩት። ከሁሉ ሥራዬ እግዚአብሔርን በጣም ያስቆጣው ይሄኛው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔን ግን አስቆጥቶኛል።

ሳሮን በየእሑዱ ትደውላለች። እንደምን ነሽ ከማለቷ በፊት ስለ እሱ፣ ስለ ትንፋሹ ነው የምትጠይቀኝ። "ብሪዚንጉ ኦኬ ነው? አፉን ይከፍታል?" ደህና ነው አልኳት። አይጡን እምቢ ማለቱን ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ስንት እንደቀረ ትጠይቀኛለችና። "ሁዳዴ አይደል፣ ጾም ይዟል" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። "ኖ ማሚ፣ ሲሪየስሊ" አለች። ደህና ነው፣ ሐሳብ አይግባሽ አልኳት። ፎቶ ላኪልኝ ስትለኝ በጥር ያነሳሁትን ላክሁላት፤ ወፍራም፣ ዓይኑ የጠራ፣ ምላሱን ያወጣ ሽሮ። ፎቶውን ፈልጌ ያገኘሁትም፣ መርጬ የላክሁትም በራሴ እጅ ነው።

ለምን? ለስድስት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። ማሞቂያውን ነቀልኩ ብዬ ማመን አቅቶኝ ነው? አዎ። እኔ አልገደልኩትም፣ በራሱ ሄደ እንድል፣ በራሱ እንዲሄድልኝ ፈልጌ ነው? እሱም አለበት። ሁለቱንም ስጽፋቸው ያናድዱኛል፤ ሁለቱም አንድ ስልክ ላለመደወል የማይበቁ ምክንያቶች ናቸው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ክዳኑን ከፈትኩ። ሽሮ አንገቱን በመስታወቱ አስደግፎ ራሱን ወደ ላይ አንጋጦ ቆሟል። አፉ ተከፍቷል። አፍንጫው ላይ አረፋ አለ። አየር ያጠረው ሰው ጋደም ማለት አይችልም፤ እኛ መጦሪያ ቤት ቁጭ ብለው የሚያድሩ አሉ። እሱም ያንኑ ነው ያደረገው፣ እጅና ትራስ ሳይኖረው። በጤነኛዋ ዓይኑ አየኝ። ክዳኑን ዘጋሁ።

ሃቫና ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ክሊኒኩ በቀኜ ነበር፤ በሩ ላይ ውሻና እንሽላሊት ተስሏል። አንዲት ሴት ድመት ታቅፋ ስትገባ አየሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳሁ። እንግልውድ ደርሼ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ መተንፈስ ላቃታቸው ሽማግሌ ጀርባ ሁለት ትራስ መደገፍ ነበር። ኃላፊዬ አይታኝ ያንቺ ዓይነት ሠራተኛ ቢበዛልን አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። እንዴት አፌ ቻለ? ቻለ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። አሁን ያደረግኩትን ስሙ። ለልጄ ከመደወሌ በፊት ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ ሳሎን መለስኩት። ውሃውን ቀየርኩ። ማሞቂያውን ሰካሁ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን የመለኪያ ሽቦ እንደነገሩ ወተፍኩት። በሕይወት ሳለ የነፈግኩትን ሙቀት ለሬሳው ሰጠሁት፤ መስታወቱ ሞቅ እስኪል ጠብቄ ደወልኩ።

ሳሮን በማግስቱ ተራራውን አቋርጣ መጣች። አላለቀሰችም። ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ አየች፣ እንደተማረችው። ከዚያ እጇ ሽቦው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጫፉ ያለቦታው ነበር፤ እኔ ስቸኩል ማሞቂያው ላይ አጣብቄ ነበር የወተፍኩት፤ እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ በቅጡ ሳይሞቅ ማሞቂያው ይጠፋል። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ኢት ዋዝ ሚ" አለች። "ከመሄዴ በፊት ሽቦውን ሴታፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሚስ አደረግኩት። ማሚ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።" ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር የከፈትኩት። የወጣው ግን ሌላ ነው። ፀጉሯን እየዳበስኩ "አይዞሽ ልጄ፣ ማንም ይሳሳታል" አልኳት። ቃላቱን እዩልኝ። ያንቺ ጥፋት አይደለም አላልኳትም። ማንም ይሳሳታል ነው ያልኳት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉ የለ? የራሴን እከክ ልጄ ላይ ለከክሁ፣ እያጽናናሁ።

ወሬው ሲሰማ አልማዝ፣ ያቺ ቤትሽ ሰፋ ያለችኝ ጓደኛዬ፣ "እሰይ፣ ተገላገልሽ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እባብ እኮ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ማንም እባብ እኮ ነው ሲል ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ለሦስት ሳምንት ጓዳዋ በር ላይ ቆሜ ለራሴ ስለው የነበረው ይህንኑ ነው። አባ ግን ከፋሲካ በኋላ ሳሮንን አይተው ምነው ልጅሽ ከፋት አሉኝ። የምታሳድገው እንስሳ ሞቶባት ነው አልኳቸው። ምን ነበር? እባብ። "ታሞ ነው?" አሉኝ። እኔ እንጃ አባ አልኩ። "ምስኪን" አሉ። "የማይናገር ፍጥረት ሲታመም እንዴት ይጨንቀው ይሆን።" ስፈራቸው የነበሩት ሰው እሳቸው ናቸው። የደበቅኩት ከእሳቸው ነው። የማያሳዝነው እኔን ብቻ ኖሯል።

ሳሮን ወደ ልምምዱ አልተመለሰችም። በዓመቱ ትምህርቱንም ተወችው። አሁን አየር ማረፊያው ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች፤ ጎበዝ ናት ይሏታል፣ ያመመውን ሰው ከሩቅ ትለያለች። አንድ ቀን ለምን አትመለሺም ብያት ነበር። "ሰው ሲያመው ይናገራል፣ ማሚ። እንስሳ አይናገርም። አይ ሚስድ ኢት ዋንስ" አለችኝ። አንዴ አመለጠኝ ማለቷ ነው። ምን አመለጣት? ምንም አላመለጣትም። በጆሮዋ ብትሰማ፣ በዓይኗ ብታይ ኖሮ ያን ቀን ሃቫና ላይ ትታጠፍ ነበር። የሚናገርለት እኔ ነበርኩ። በየእሑዱ የምትጠይቀው እኔን ነበር።

ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር ይህን የጀመርኩት። አሁን ግን ራሴን ያዝኩት። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ከዓለም ሁሉ መርጬ የምናዘዘው እሷ በማታነበው ፊደል ነው፤ ኑዛዜዬም እንደዚያች ጓዳ ናት፣ በሯ ዝግ ነው። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ያደርግልኛል? ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

ያን ወረቀት አልጣልኩትም። ከፍሪጁ ላይ ነቅዬ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በቀይ የተሰመረው እስካሁን አልደበዘዘም። ሳሮን ቅዳሜ ለምሳ ትመጣለች። አስቀምጣትና፣ ያኔ እጇን አጣምራ እንደሰማችኝ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ምግብ እምቢ ካለ፦ አይቻለሁ። ቆዳው ዓይኑ ላይ ከቀረ፦ አይቻለሁ። አንጋጦ ከቆየ፦ አይቻለሁ። ሲተነፍስ ድምፅ ከሰማሽ፦ ሰምቻለሁ ሳሮን፣ ሰምቼ ደህና ነው አልኩሽ።